የለጋሾች ገንዘብና የምርምር ሶፍትዌር፦ ከአርሲ ደጋ የስንዴ ምርምር አንጻር የቀረበ ሂስ

በአርሲ ደጋ የስንዴ ምርምር ታሪክ ውስጥ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትራክተርና ስለ ብድር ብዙ ተጽፏል። የምርምሩ ውጤት የሚሰላበት መሣሪያ ግን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የሚያገኘው ቦታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «መረጃው በዚህ በዚህ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተተንትኗል» የሚል ነው። ፕሮግራሙን ማን ሠራው፣ ለሥራው ማን ከፈለ፣ ከተሠራ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል የሚሉት ጥያቄዎች አይነሱም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህኑ ጥያቄዎች ነው። የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ለሶፍትዌር የሚሰጡት ድጋፍ ሶፍትዌርን እንደ ትራክተር በሚቆጥር አስተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የአርሲ ገበሬና ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በማሳቸው ላይ እንዳላቸው ለማሳየት ይሞከራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንድ የዝርያ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ መመልከት ያስፈልጋል። ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አዳዲስ የስንዴ ዝርያዎችን የሚፈትነው በግቢው ውስጥ ብቻ አይደለም። ብርድ በሚበረታበት በበቆጂ፣ ዝናብ በሚያጥርበት በዴራ፣ እንዲሁም በአሳሳ ጭምር ይዘራቸዋል። በእያንዳንዱ ቦታ አንዱ ዝርያ በተለያዩ መደቦች ላይ እየተደጋገመ ይዘራል፤ አንዱ መደብ ለም፣ አንዱ ውሃ የሚተኛበት፣ ሌላው ደግሞ የዐምናው ሰብል ያደኸየው ሊሆን ይችላልና። አጨዳው ሲያልቅ በተመራማሪው እጅ የሚቀረው የመደቦቹ ምርት የተመዘገበበት ረጅም ሰንጠረዥ ነው። አንዱ ዝርያ ከሌላው የበለጠው በራሱ ጠባይ ነው ወይስ ዕጣው በጥሩ መሬት ላይ ስለወደቀለት? ይህንን ለመለየት የሚያስችለውን የስሌት ዘዴ በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ ሮናልድ ፊሸር አበጅቶታል። ዘዴው በእርሳስና በወረቀት ሊሠራ የሚችል ነው። ቦታዎቹና ዓመታቱ በበዙ ቁጥር ግን ያለ ኮምፒዩተር የማይገፋ ይሆናል። ስለሆነም አንድ ዝርያ ለገበሬው ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ የሚለው ውሳኔ በመጨረሻ የሚያልፈው በአንድ ፕሮግራም በኩል ነው። ፕሮግራሙ ከተሳሳተ ስሕተቱ የሚገለጠው በገበሬው አውድማ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የሰብል ተመራማሪዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታወቀው ፕሮግራም ኤምስታት ሲ ይባላል። በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርስቲ የተዘጋጀ፣ በዶስ ሥርዓት በሚሠሩ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሄድ፣ በዲስኬት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መሣሪያ ነበር። ለመስክ ሙከራ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ቋንቋው የተመራማሪው ቋንቋ ነበር፤ መደብ፣ ድግግሞሽና ዝርያ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰንጠረዡን ይመልሳል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ዓለም ዶስን ትቶ ሲሄድ ፕሮግራሙን ተከታትሎ የሚያድስ አልተገኘም። ይሁን እንጂ የአገራችንን የሰብል ምርምር መጽሔቶች የሚያገላብጥ ሰው ይህንኑ ስም ከ2000 በኋላ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥም ደጋግሞ ያገኘዋል። ይህንን እንደ ስንፍና መቁጠር ተገቢ አይደለም። ተመራማሪው የተማረበትን፣ የሚያምነውንና ገንዘብ የማያስከፍለውን መሣሪያ እስከ ጫፉ ድረስ ተጠቅሞበታል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት መሣሪያው እንዲለመድ ሲያደርጉ ለቆዩትና መሣሪያው ሲያረጅ ላልተመለሱት ወገኖች ነው።

ሌላው ምሳሌ የጄንስታት ነው። ይህ ፕሮግራም የፊሸር ዘዴ በተወለደበት በሮትሃምስቴድ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጆን ኔልደር መሪነት ተሠራ። በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር የምርምር ተቋም ውስጥ ያደገ ቢሆንም ኋላ በንግድ መልክ እንዲቀጥል ተደርጎ፣ በ2000 ወደተመሠረተ ኩባንያ ተዛወረ። ኩባንያው ለታዳጊ አገሮች የትምህርትና የምርምር ተቋማት የሚሆን ነፃ እትም አዘጋጅቶ ነበር። ቸርነቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአንድ አገር የዝርያ ምርምር በአንድ ኩባንያ ቸርነት ላይ ሲመሠረት ኩባንያው ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ የተጠየቀ አይመስልም። በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርስቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት አር የተሰኘው ፕሮግራም ነው። ይህ ምንጩ ክፍት የሆነ ማለትም ማንም ሰው አሠራሩን ሊያየው፣ ሊያርመውና ያለ ክፍያ ሊያባዛው የሚችል መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በ2000 ወጣ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ባሉ የምርምር ተቋማት ሁሉ ይገኛል ማለት ይቻላል። ነፃ ነው ሲባል ግን ማንም ሳይደክምበት የሚኖር ማለት አይደለም። በየጊዜው የሚያርሙትና የሚያድሱት ሰዎች ደመወዛቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከሌላ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስ። ገንዘብ ሰጪው ትራክተር ሲገዛ ወጪው በአንድ ጊዜ ይታወቃል፤ ርክክቡ ፎቶግራፍ ይነሣበታል፣ ንብረቱ በመዝገብ ይሰፍራል። ሶፍትዌርም በብዙ የፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ የሚሰፍረው በዚሁ «መሣሪያና ቁሳቁስ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው፤ ይገዛል ወይም ይሠራል፣ ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ይረከቡታል። የአርሲ ሰው ግን ከትራክተር ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርብ ነገር ያውቃል፤ እርሱም የስንዴ ዝርያ ነው።

ኩብሳና ጋላማ የተባሉት ዝርያዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደጋው በስፋት ሲዘሩ ቆይተው በ2010 በተነሣው ከባድ የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተመቱ። (ጋላማ ስሙን የሚጋራው ከአርሲ ተራሮች ከአንዱ ጋር መሆኑን የአካባቢው መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊነግሩ ይችላሉ።) በ2005 የተለቀቀው ዲገሉ ቢጫ ዋግን ስለቋቋመ ገበሬው ፊቱን ወደ እርሱ መለሰ። በ2013 መኸር ደግሞ ዲገሉን የሚያጠቃ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተዛመተና ማሳዎችን አነደደ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የዝርያው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ዓለም ነው። ዋጉ ተለወጠ፣ ዝርያው ባለበት ቆመ፣ ስለዚህ ወደቀ። በዚህም ምክንያት የስንዴ ምርምር በአንድ ጥሩ ዝርያ መለቀቅ የሚያበቃ ሥራ ሊሆን አይችልም። የዘሩን ንጽሕና የሚጠብቅ፣ ዋጉን በየዓመቱ የሚከታተል፣ ተተኪውን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው ሁልጊዜ በሥራው ላይ መገኘት አለበት።

ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። የተጻፈው ትእዛዝ በራሱ አይዝግም፤ ግን የሚሄድበት ኮምፒዩተር ይለወጣል፣ የሚደገፍባቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ይታደሳሉ፣ የሚቀበለው የመረጃ ዓይነት ይቀየራል። ኤምስታት ሲ የወደቀው ስሌቱ ስለተሳሳተ አይደለም። እንደ ዲገሉ ሁሉ ባለበት ስለቆመ ነው። ለስንዴ ዝርያ ጥበቃ በጀት መያዝ እንደሚያስፈልግ የተቀበለ ገንዘብ ሰጪ ለሶፍትዌር ይህንኑ ለመቀበል የሚያመነታበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

ይህ ጉዳይ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነው። በ1998 በኡጋንዳ ከተገኘውና በኋላ ዩጂ 99 ተብሎ ከተሰየመው የግንድ ዋግ ወዲህ፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ማለትም ሲሚት፣ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርስቲና የብሪታንያ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በመተባበር ዋጉ ከየት ወደየት እንደሚጓዝ የሚተነብይ ሥርዓት ዘረጉ። ተመራማሪዎች በሰብሉ ወቅት ማሳ ለማሳ እየዞሩ ያዩትን በእጅ ስልክ ወይም በታብሌት በሚሞላ ቅጽ ይመዘግባሉ። ቅጹ የተሠራው በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርስቲ በተጀመረውና ምንጩ ክፍት በሆነው ኦፕን ዳታ ኪት በተባለው ፕሮግራም ነው። የተሰበሰበው መረጃ በነፋስ የሚወሰደው የዋግ ብናኝ የት እንደሚያርፍ ለሚያሰላው ኔም ለተባለው ፕሮግራም ይሰጣል። ኔም በመጀመሪያ የተሠራው ከ1986ቱ የቸርኖቢል አደጋ በኋላ የኑክሊየር ብናኝን ጉዞ ለመከታተል ነበር፤ በ2010 ከአይስላንድ የተነሣውን የእሳተ ገሞራ አመድ ለመከተልም አገልግሏል። የኑክሊየር አደጋን ፈርቶ የተከፈለ ገንዘብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሄጦሳና በሙነሳ ማሳዎች ላይ ማገልገሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ በቋሚ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በቋሚ ባለሙያዎች እጅ ሲታደስ ባይቆይ ኖሮ ለስንዴ የሚደርስ አልነበረም።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትኛው አንጓ ጠንካራ፣ የትኛው ልል እንደሆነ መመርመር ለዕቅድ አውጪዎች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የነፋሱ ስሌት የሚሠራው በብሪታንያ ነው፤ በጀቱም የዚያ አገር መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት አካል ነው። ሰንሰለቱን አጠቃሎ የሚያያይዘው ሥራ ማለትም ቅጹን ከስሌቱ፣ ስሌቱን ከማስጠንቀቂያው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ግን ለረጅም ጊዜ የቆመው እንደ ቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽንና እንደ ብሪታንያ የልማት እርዳታ ባሉ ምንጮች በየጥቂት ዓመቱ በሚታደስ የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርስቲ አስተባባሪነት ከ2008 ጀምሮ የተካሄደው ትልቁ የዋግ ምርምር ፕሮጀክት በ2016 ሌላ ስም ባለው ፕሮጀክት መተካቱ ለዚህ አሠራር ምሳሌ ይሆናል። ዋግ በየዓመቱ ይመጣል፤ ገንዘቡ ግን ማመልከቻ በተሳካ ጊዜ ነው የሚመጣው። ብሪታንያ የውጭ እርዳታዋን በ2021 ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ አድርጋለች፤ በ2025ም እስከ 2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርደው አስታውቃለች። እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚሰጠው በበቆጂ ስለሚዘራው ስንዴ ታስቦ አይደለም። ጫናው ግን እዚያም ይደርሳል።

ለገንዘብ ሰጪዎች ፍትሐዊ ለመሆን የእነርሱም ምክንያት መነገር አለበት። ተጠሪነታቸው ለአገራቸው ምክር ቤት ወይም ለቦርዳቸው ነው፤ ምክር ቤቱ የሚጠይቀው «ምን አዲስ ነገር ተሠራ?» ብሎ ነው። «የነበረው ሳይወድቅ ቆየ» የሚል መልስ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ ደብዛዛ ነው። ከዚህም በላይ መደበኛ ወጪ መሸፈን የጀመረ ለጋሽ መውጫ ያጣል የሚል የቆየ ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። ዳሩ ግን በዚህ አሠራር የተነሣ አንድ ፕሮግራም ታድሶ ከመቀጠል ይልቅ በሌላ ስም እንደገና ለመሠራት ገንዘብ ማግኘት ይቀለዋል። ይህ ደግሞ ቁጠባ ሳይሆን ብክነት ነው።

በሰፊው ዓለም አስተሳሰቡ ቀስ በቀስ መለወጥ ጀምሯል። በብሪታንያ የምርምር ሶፍትዌርን ዘለቄታ የሚከታተል ተቋም በሕዝብ ገንዘብ በ2010 ተመሠረተ፤ «የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ» የሚለው የሙያ መጠሪያም በ2012 ከዚያው አካባቢ ወጣ። ነምፓይ የተባለው የስሌት መሣሪያ ታሪክም ብዙ ያስተምራል። በ2019 የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ለዓለም ሲታይ ከስሌቱ መሣሪያዎች አንዱ ነምፓይ ነበር። ይህን ያህል ሥራ የተሸከመው ፕሮግራም በ2006 ከወጣ በኋላ ለራሱ ተብሎ የተመደበ የመጀመሪያ ገንዘቡን ያገኘው በ2017 ነው፤ የሰጠው የጎርደንና ቤቲ ሙር ፋውንዴሽን ሲሆን መጠኑ 645,000 ዶላር ያህል ነበር። እስከዚያ ድረስ የቆመው በፈቃደኞች ትርፍ ጊዜ ነው። የቻን ዙከርበርግ ኢኒሼቲቭም ለሳይንስ አስፈላጊ ለሆኑ ክፍት ሶፍትዌሮች የሚውል ድጋፍ በ2019 ጀመረ። በኅዳር 2022 ገንዘብ ሰጪዎች በአምስተርዳም ተሰብስበው ስለ ምርምር ሶፍትዌር ዘለቄታ የጋራ መግለጫ እስከ ማርቀቅ ደረሱ።

እነዚህ እርምጃዎች መልካም ቢሆኑም አንድ ጉድለት አላቸው። ገንዘቡ የሚሰጠው ሶፍትዌሩን ለሚጠብቀው ነው፤ ለሚጠቀምበት አይደለም። የኢትዮጵያ ተቋማት ደግሞ እስከ አሁን በአብዛኛው የቆሙት በተጠቃሚው ወገን ነው። በር ላይ የሚቆመው ሰው ቁልፉን የሚያገኘው ራሱ ጠባቂ ሲሆን ብቻ ነውና፣ ጉዳዩ ከገንዘብ ጥያቄነት ወደ ትምህርት ጥያቄነት የሚሸጋገረው እዚህ ላይ ነው።

ወደዚያ ከማለፍ በፊት ግን ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ መጨመር ያስፈልጋል። የሕዝብና ጤና ጥናት በየጥቂት ዓመቱ ስለ ንባብ ችሎታና ስለ ትምህርት ቤት ተሳትፎ የሚያወጣቸው አኃዞች በዕቅድ ክፍሎች ውስጥ እንደ ዋና ማጣቀሻ ያገለግላሉ። የ2016ቱ ጥናት መረጃ በታብሌት የተሰበሰበው ሲኤስፕሮ በተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሲሆን ዋናው የገንዘብ ምንጭ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ነበር። ይህ ድርጅት ሥራው በጥር 2025 ታግዶ፣ በሐምሌ 2025 ራሱን የቻለ ድርጅትነቱ አበቃ። ለጥናቱ የሚሰጠውም የአሜሪካ ድጋፍ አብሮ ተቋረጠ። የአንድ ገንዘብ ሰጪ መዘጋት መጠይቁን፣ መጠይቁ የሚሞላበትን ፕሮግራምና ፕሮግራሙን የሚያውቀውን ባለሙያ በአንድ ጊዜ የሚነካ ከሆነ ዕቅዱ የተሠራው በአንድ ምሰሶ ላይ ነበር ማለት ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ከጤናው ዘርፍ ይመጣል። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት መነሻው በ1994 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርስቲ ያስተባብረዋል። የኖርዌይ የልማት ትብብር ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ ደግፎታል፤ ከድጋፉም ከፊሉ በተጠቃሚ አገሮች ለሚሰጥ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ውሏል። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2017 ወዲህ ይህንኑ ሥርዓት ሲመርጥ አዲስ ዕቃ የገዛ ያህል አልነበረም፤ ሥርዓቱን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ቀደም ብለው ነበሩና። ረጅም ዓመት፣ ክፍት ምንጭና የሰው ትምህርት አንድ ላይ ሲሄዱ ምን እንደሚያስገኙ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሰላ ራሷ ከዚህ የሚቀራረብ ልምድ አላት። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት ማለትም ካዱ፣ ከለጋሾች ሥራዎች ሁሉ በብዙ የተጠናና በብዙ የተተቸ ነው። ትራክተር ሲስፋፋ ጭሰኛው ከመሬቱ መነቀሉ ከከባድ ትችቶቹ አንዱ ነበር። ወጪው ከፍተኛ በመሆኑ በሌሎች አውራጃዎች እንዳለ ሊደገም አልቻለም፤ ስለዚህም በ1971 ወጪው ያነሰ የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮጀክት ተጀመረ። ካዱ ኋላ አርዱ ሆነ፣ አርዱም በጊዜው አለፈ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት አንዱ የቁሉምሳ ጣቢያ ነው። የቆየበትም ምክንያት ስውር አይደለም፤ ጣቢያው በመንግሥት የምርምር ድርጅት ሥር ገብቶ መደበኛ በጀትና የታወቁ የሥራ መደቦች ስላገኘ ነው። ካዱ የራሱን ሥራ የሚገመግም ክፍል ነበረው፤ ክፍሉ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ጥናቶችን ያሳትም ነበር። ጥናቶቹ ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። ጥናቶቹን የሚቀጥል መደብ ግን ከድርጅቱ ጋር አብሮ ቀረ።

ስለሆነም ነቀፌታው ሁሉ ወደ ለጋሹ ብቻ ሊሰነዘር አይገባም። ተረካቢው ወገን በርክክቡ ቀን ሕንጻውን፣ መኪናውንና ኮምፒዩተሩን ቆጥሮ ይፈርማል። ሶፍትዌሩን ማን እንደሚያድሰው፣ ሰውዬው በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚቀጠርና ደመወዙ ከየት እንደሚከፈል ግን አይጠይቅም። በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የሚያስታውስ መምህር ይህንን በሰፊው ማስረዳት አያስፈልገውም። በምርምር ማዕከሎች የሚቀጠረው የኮምፒዩተር ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ማሽን ለመጠገን ነው። የስሌት ፕሮግራም መጻፍና ማረም የሚችል፣ ከተመራማሪው ጎን ተቀምጦ የሙከራውን አቀማመጥ የሚረዳ ሰው ግን እንደ ትርፍ ይቆጠራል። ከ2014 ወዲህ ራሱን የቻለው አርሲ ዩኒቨርስቲና የቁሉምሳ ማዕከል የሚገኙት በአንድ መንገድ ላይ፣ በጣም በተቀራረበ ርቀት ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በጋራ ለመቅጠር የሚከለክል የጂኦግራፊ ምክንያት የለም።

በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በኩልም መታየት ያለበት ነገር አለ። ዕጩ መምህራን ተግባራዊ ምርምር እንዲሠሩ ይጠየቃሉ፤ ለዚሁም ሥራ አኃዝ መተንተን ይማራሉ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፈቃዱ ውድ በሆነ፣ ኮሌጁም ሆነ ተመራቂው ሊገዛው በማይችለው ፕሮግራም ነው። የተማሪው እጅ የሚለምደው የት ቦታ እንደሚጫን ነው፤ ከተጫነ በኋላ ውስጥ ምን እንደተሰላ አያይም። ተመርቆ ወደ ጢዮ ወይም ወደ ሊሙና ቢልቢሎ ወረዳ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ፕሮግራሙ አብሮት አይሄድም። በአር ወይም በመሰል ክፍት መሣሪያ ቢማር ቢያንስ ሁለት ነገር ያተርፋል። የሚሰላውን ያነበዋል፤ መሣሪያውንም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ መማሩ ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ኤምስታት ሲም የተወደደው ስለቀለለ ነበርና። ሆኖም ለመምህር ትምህርት የሚመረጠው መሣሪያ በቅለቱ ብቻ ሊመዘን አይችልም።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማናቸውም የምርምር ወይም የመረጃ ፕሮጀክት ስምምነት ሲፈረም ሶፍትዌር ከቁሳቁስ ዓምድ ወጥቶ ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው። በመስመሩም ላይ ምንጩ ክፍት መሆን አለመሆኑ፣ የትእዛዙ ሙሉ ቅጂ በአገር ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ የሚያድሰው የሥራ መደብና ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ላለው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ ከየት እንደሚሸፈን ይጻፍ። ለጋሹ ይህንን ሊከፍል ካልፈቀደ ከመጀመሪያው ይታወቃል። መንግሥት ሊረከበው ካልቻለም እንዲሁ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙን አለመሥራት ይሻል እንደሆነ ለመወሰን ጊዜ አለ።

በኮሌጅ ደረጃ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሙከራ ሊጀመር ይችላል። የዋግ ቅኝት ቅጽን የመሰለ የመስክ ቅጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ማዘጋጀት፣ መፈተንና ማረም ለአሰላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራን በቂና ተገቢ የተግባር ሥራ ነው። የሒሳብ ተማሪዎች ስሌቱን፣ የቋንቋ ተማሪዎች የጥያቄውን አነጋገር፣ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የበሽታውን ምልክት ይይዛሉ። በመኸሩ ስንዴ ላይ ቅኝቱ የሚካሄደው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጀምሮ እስከ አጨዳው መዳረሻ በመሆኑ ቅጹ ከሰኔ በፊት ተፈትኖ መጠናቀቅ ይኖርበታል። ኮሌጆች በሰኔ የዓመቱን ትምህርት ስለሚዘጉ ሥራው ለሁለተኛው ሴሚስተር የመጀመሪያ ሳምንታት እንጂ ለማጠቃለያው ጊዜ ሊመደብ አይችልም።